ከመሣሪያ ጋር የሚያልቀው ሰዓት

እ.ኤ.አ. በማርች 1977 ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑት ከአሳታሚያቸው የመጣላቸውን የማረሚያ ቅጂ ገለጡ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩት እኚህ ሰው ከ1962 ጀምሮ የሚደክሙበት «የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ጥበብ» የተሰኘ ባለብዙ ቅጽ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ሁለተኛው ቅጽ ተሻሽሎ በድጋሚ ሊታተም ነበር። የመጀመሪያው እትም በእርሳስ ፊደል የተለቀመ፣ ገጹ ለዓይን የሚያሳሳ ነበር። በመካከሉ የኅትመት ሥራው ወደ ፎቶግራፍ ዘዴ ተዛውሮ ነበርና አዲሱ ቅጂ ሲታይ የፊደሉ ቅርጽ ደካማ፣ አሰላለፉም የተዛባ ሆኖ ተገኘ። ክኑት በዚህ መልክ መጽሐፌ አይወጣም አሉ። ከዚያም ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ መጽሐፍ ለኅትመት የሚያሰናዳ የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሳቸው ለመሥራት ተነሡ። ከማስተማር በሚያርፉበት በቀጣዩ ዓመት የሚያልቅ መስሏቸው ነበር። ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጀ።

ያ ሁሉ ዓመት በምን አለቀ? ቴክ የተባለው ፕሮግራማቸው ቃላትን በመስመር፣ መስመሮችን በገጽ ላይ የሚደለድል ነው። ለሚደለደሉት ቃላት ግን ፊደል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፊደል የሚሥል ሌላ ፕሮግራም፣ ሜታፎንት፣ ተጨመረ። ከላቲን ፊደላት መካከል ደግሞ ኤስ እጅግ አስቸገረቻቸው። ጠመዝማዛ ቅርጿን በሒሳብ ቀመር ለመግለጽ ቀንም ሌሊትም ቢታገሉ አልሆነላቸውም፤ ባለቤታቸው ጂል የተበላሹትን ሥዕሎች አይተው፣ ለምን ኤስ እንዲመስል አታደርገውም ብለው እንደጠየቋቸው ክኑት ራሳቸው ተርከዋል። በ1980 ስለዚችው አንዲት ፊደል ብቻ አንድ ሙሉ የሒሳብ ጽሑፍ አሳተሙ። ሁለተኛው ቅጽ በአዲሱ ፕሮግራም ተሰናድቶ በ1981 ወጣ። አራተኛው ቅጽ ግን የመጀመሪያ ክፍሉ የታየው በ2011፣ ሁለተኛው ክፍሉ በ2022 ነው። ሥራው እስካሁን አላለቀም።

ይህ ችግር የታላላቅ ሊቃውንት ብቻ አይደለም። ደመወዝ ሳይከፈለው ስለሚወደው ነገር የሚጽፍ፣ ጽሑፉንም ራሱ ለአንባቢ የሚያደርስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ወፎች፣ ስለ ቅኔ፣ ስለ አያቱ አገር ወግ ሊጽፍ ማታ ከሥራ መልስ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩን ሲከፍት ግን ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ሰርቨሩ ፕሮግራሙን አድሶ፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ድረ ገጽ ዛሬ ባዶ ነጭ ሆኗል። የዶሜይኑ ኪራይ አልቋል፤ የደኅንነት ሰርተፊኬቱም ስላልታደሰ ገጹን ሊከፍት የሞከረ አንባቢ ሁሉ አደገኛ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። ሰርጎ የገባ ፕሮግራም የቁማርና የመድኃኒት ማስታወቂያ ለጥፎበታል። ፎቶው አይጫንም፣ ዳታቤዙ አይከፈትም፣ ተቀምጧል የተባለው ባክአፕ ሲፈተሽ ምንም የለበትም። በመሀሉ መብራት ይሄዳል። ሌሊቱ ሲጋመስ ስለ ወፎቹ አንድ ዐረፍተ ነገር አልተጻፈም።

ያ ሰዓት የማን ነው? ለነፍስ ደስታ የተጀመረ ሥራ ነፍስን በማያስደስት ጥገና ሲዋጥ፣ ጥገናው የሥራው አካል ነው ወይስ የሥራው ሌባ? በእንጀራ ጉዳይ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ የተከፈለበት ሰዓት ዋጋውን አግኝቷል። በፍቅር የተሰጠ ሰዓት ግን ዋጋው የሚለካው በሌላ ሚዛን ስለሆነ ጥያቄው ከኮምፒውተር ባለሙያ ይልቅ ወደ መንፈስ አባት የሚወሰድ ጥያቄ ነው። ደግሞም አዲስ አይደለም።

የበረሃ አባቶች ቀድመው ደርሰውበታል። በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖሩት አባ እንጦንስ አንድ ወቅት ሐሳባቸው ተበታትኖ፣ መሰልቸት ውጧቸው፣ የሚድኑበትን መንገድ እንዲያሳያቸው ፈጣሪያቸውን ለመኑ። ከበኣታቸው ወጣ ሲሉ እሳቸውን የመሰለ ሰው አዩ። ተቀምጦ ከዘንባባ ገመድ ይገምዳል፤ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶ ተቀምጦ ይገምዳል፤ ደግሞ ለጸሎት ይነሣል። ሊያስተምራቸው የተላከ መልአክ ነበር። ታሪኩ በኢትዮጵያ ገዳማትም የምንኩስና ሥርዓት መነሻ ሆኖ ይነገራል፤ ሰሌን መታታትም ከመነኮሳት የእጅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ የቆየው በዚሁ መንፈስ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስተውለው ሥራና ጸሎት አብረው መሄዳቸውን ነው። ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ መልአኩ ይነሣል። ገመዱ ገና አላለቀም፤ ገመድ ደግሞ መቼም የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ዘንባባ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ሥራውን የቅድስና አካል ያደረገው በመካከሉ ትቶ ለመነሣት መቻሉ ነው። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ስህተት ሲታረም ሌላውን ያሳያል፣ ሌላው ሦስተኛውን፤ ሰውየው ይህችን ብቻ ልጨርስ እያለ ሳይነሣ ይነጋል።

ከኮምፒውተር ብዙ ዘመን በፊትም የኢትዮጵያ ጸሐፍት መሣሪያቸውን ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፤ ገና ቀለም ያልነካው ብራና ብዙ ቀን ይወስዳል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ተቀምሞ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ጽሕፈቱ ካለቀ በኋላ ጥራዙና ድጉሱ፣ ከዚያም ማኅደሩ አለ። ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ ላይ አንባቢ በጸሎቱ እንዲያስበው ሲለምን፣ የሚለምነው ለጻፈበት ቀን ብቻ ሳይሆን ቆዳ ለፋቀበትም ቀን ነው።

ያ ድካም ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሕዝብ ብቻ ሊናገረው የሚችል አንድ ትውፊት አለ። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ወንጌልን በአንድ ቀን ጽፈው ጨረሱ፤ እስኪጨርሱም እግዚአብሔር ፀሐይን አቆመላቸው ይባላል። በአድዋ አጠገብ ባለው ገዳማቸው የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን እንደተዘጋጁ የተገመቱ፣ በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ ሥዕላዊ የወንጌል ብራናዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ትውፊቱ ጊዜ ለጸሐፊ ሲቆም ያሳያል። እያንዳንዱ ጸሐፊ የሚመኘው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያ ሳያግደው፣ ቀን ሳያንሰው፣ በልቡ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ማውጣት። ይህ ግን ለቅዱሱ የተደረገ ተአምር ሆኖ ነው የተነገረው። ለቀሩት ጸሐፍት ፀሐይዋ በሰዓቷ ትጠልቃለች።

የእጅ ድካም ሳይታወቅ ለነፍስ እንደሚሠራ አጥብቃ የተከራከረች አንዲት ፈላስፋ አለች። ሲሞን ቬይ በ1909 በፓሪስ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች፤ በ1943 በሠላሳ አራት ዓመቷ በእንግሊዝ አገር ሞተች። በ1942 ለአንድ ዶሚኒካዊ ቄስ ስለ ትምህርትና ስለ ጸሎት አጭር ድርሰት ጽፋ ነበር። ሐሳቧ በአጭሩ ይህ ነው፦ የጸሎት መሠረቱ ትኩረት ነው፤ ስለዚህ ትኩረትን የሚያሠለጥን ሥራ ሁሉ፣ ሠሪው ባያስበውም፣ ነፍስን ለጸሎት ያዘጋጃል። አንድ ተማሪ በጂኦሜትሪ ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ታግሎ መልሱን ባያገኝ እንኳ ሰዓቱ አልባከነም፤ ልፋቱ ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ከጂኦሜትሪ ጋር ዝምድና በሌለው ነገር ላይ ፍሬ ይሰጣል። ለምሳሌ ያነሣችው በፈረንሳይ የአርስ መንደር ቄስ የነበሩትን ዣን ማሪ ቪያኔን ነው። ላቲን አልገባ ብሏቸው ለዓመታት የተሠቃዩት እኚህ ሰው በኋላ የንስሐ ልጆቻቸውን ልብ በማወቅ የታወቁ አባት ሆኑ። ቬይ ሁለቱን ታያይዛለች፤ ያ ፍሬ ቢስ የመሰለ ትግል የተከፈለው በዚያ ጸጋ ነው ትላለች።

ከዚህም ትቀጥላለች። ተማሪ ስህተት የተገኘበትን መልመጃ ቶሎ ከዓይኑ ለማራቅ ይፈልጋል፤ እሷ ግን ስህተቱን ፊት ለፊት፣ ረጋ ብሎ፣ ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ ድረስ መመልከትን ትመክራለች። ከዕውቀት የሚበልጠው ትሕትና የሚገኘው ከዚያ ነው።

ክኑት ይህን ምክር የተከተሉ ይመስል ከ1978 ጀምሮ በቴክ ውስጥ የተገኘውን ስህተት ሁሉ በመዝገብ አሰፈሩ። በ1989 «የቴክ ስህተቶች» በሚል ርእስ ባሳተሙት ጽሑፍ ከ800 በላይ ስህተቶቻቸውን እያንዳንዳቸው ምን እንደነበሩ፣ ከመዘንጋት ይሁን ካለማወቅ ወይም ከችኮላ እንደመጡ ለይተው ለሕዝብ አቀረቡ። በመጻሕፍታቸው ውስጥ ስህተት ለሚያገኝ ሰውም 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም በቼክ ይልኩ ነበር፤ ብዙ ተቀባዮች ቼኩን ሳይመነዝሩ በፍሬም ሰቅለው ያስቀምጡታል። በዓለም የታወቀ ሊቅ ስህተቱን ቆጥሮ በስሙ ሲያትም ማየት የሚያስደንቅ ነው። ክኑት የሉተራን እምነት ተከታይ ናቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት የየአንዳንዱን ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 እያጠኑ፣ ጥቅሶቹን ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የቁም ጽሕፈት ሠዓሊዎች አስውበዋቸው፣ በ1991 መጽሐፍ አውጥተዋል። ያ መጽሐፍ የተሰናዳው በዚያው ለዓመታት በደከሙበት መሣሪያ ነው። በእሳቸው ዘንድ የፊደሉ ድካምና የቃሉ ጥናት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ጥገና ውስጥ ለተዋጠው ጸሐፊ የምሥራች ይመስላል። እንደዚያ ብቻ ቢሆን ጥያቄው በቀላሉ ተፈታ። ሲሞን ቬይ ግን ሌላውንም ጎን በሥጋዋ አውቃዋለች። በ1934 መጨረሻ የመምህርነት ሥራዋን አቁማ ፋብሪካ ገባች፤ በአልስቶም የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ፣ በኋላም በሬኖ የመኪና ፋብሪካ እስከ 1935 ክረምት ሠራች። በዚያ የያዘችው ማስታወሻ የድካም መዝገብ ነው። በቁራጭ የሚከፈል ሥራ፣ የሚያጣድፍ ማሽን፣ ከአለቃ የሚመጣ ቁጣ፣ የማይለቅ ራስ ምታት። ከሁሉ በላይ ያስፈራት ማሰብን መተው ዕረፍት መስሎ መታየቱ ነበር፤ ሠራተኛው ሕመሙን የሚችለው ሐሳቡን ሲያጠፋ ብቻ ነው። በትኩረት ላይ ያን ሁሉ የጻፈችው ሴት፣ ትኩረትን የሚገድል ሥራ እንዳለ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር።

ልዩነቱ በሥራው ክብደት አይደለም፤ የጂኦሜትሪ ጥያቄም ይከብዳል። የፋብሪካው ሠራተኛ መነሣት አይችልም። ማሽኑ ፍጥነቱን ይወስናል፣ ሰውየው ይከተላል። ተማሪው ግን ብዕሩን አስቀምጦ በመስኮት ማየት ይችላል፤ ሲመለስም ጥያቄው የራሱ ጥያቄ ሆኖ ይጠብቀዋል። በፍቅር የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው ከተማሪነት ወደ ፋብሪካ ሠራተኛነት የሚሻገርበት ሌሊት አለ። ስህተቱን መመልከት ትቶ በዘፈቀደ ቁልፍ መጫን ሲጀምር፣ ከየትም የተገኘ መፍትሔ ሳይገባው ሲለጥፍ፣ ለምን እንደተቀመጠ ሲረሳ፣ ያ ሰዓት ከእጁ ወጥቷል። ያን ጊዜ መሣሪያውን እያቃና ሳይሆን ለመሣሪያው እየሰገደ ነው።

ሁለተኛ ሚዛንም አለ፤ ይህን ለማየት ደግሞ ከአማርኛ አንባቢ የቀረበ ምስክር የለም። የግዕዝ ፊደል ለሌላ ቋንቋ ታስበው በተሠሩ ማሽኖች ውስጥ ቦታ ያገኘው በብዙ ሰዎች ያልተከፈለ ሌሊት ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ከ200 በላይ የሆኑ ፊደላት ጥቂት ቁልፎች ባሉት መኪና ላይ እንዴት ይስፈሩ የሚለው ችግር ገጥሟቸዋል። ፊደሉ አካሉና ቅጥያው ለየብቻ እየተመታ እንዲገጣጠም ሆነ፤ ጸሐፊዎችም የተጎራረደ መልክ ያለውን ጽሕፈት ችለው ኖሩ። ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። የዚያ ዘመን ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ነበርና፣ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ፊደላቱን በገዛ ራሱ ቁጥር ደለደለ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአገር ቤትም በአሜሪካም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ ብዙዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈ ሰዓት፣ ፊደል በፊደል እየሣሉ ፎንት ሠሩ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱ ገቡ፤ ለዘመናቸው ባለውለታ ናቸው። ሆኖም በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደላትን በዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር መዘገበ። ሀ በአዲስ አበባም ሆነ በቴል አቪቭ፣ በየትኛውም ማሽን ላይ፣ አንድ ቁጥር አገኘች። ከዚያም በኋላ ቢሆን በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ፊደል እስኪገባ ድረስ የአማርኛ አንባቢ ለዓመታት በጽሑፍ ፋንታ ባዶ ሣጥኖች ሲያይ ቆይቷል፤ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ማቅረብ የጀመረው በቪስታ ጊዜ፣ በ2007 ነው። ዛሬ አንድ ወጣት በስልኩ አማርኛ ሲጽፍ ምንም አይሰማውም። የማይሰማውም ሌሎች ስለተሰማቸው ነው። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው እንጂ የቴክኒክ ታሪክ ብቻ አይደለም። በመሣሪያ ላይ የሚያልቅ ሰዓት ለሌላው ሰው ዕረፍት ሆኖ ከተላለፈ አልተሰረቀም፤ ተሰጥቷል። ክኑትም ቴክን አልሸጡትም፤ ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቁት። የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ጽሑፋቸውን የሚያሰናዱት በእሱ ነው፤ በጀርመን በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሰዎችም የግዕዝ ፊደል በቴክ የሚታተምበትን ጥቅል ሠርተዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ግን የተጻፈው ይጠፋል። በዚህ ጉዳይ ራስን ማታለል አያስፈልግም። ጂኦሲቲስ የተባለው፣ ሚሊዮኖች የግል ገጻቸውን የሠሩበት አገልግሎት፣ በ1994 ተመሥርቶ በኦክቶበር 2009 ተዘጋ፤ ፈቃደኛ ሰዎች ተሯሩጠው ያተረፉት ከፊሉን ነው። በማርች 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች ሥራቸውን እስከ መጨረሻው አጥተዋል። ፒው የምርምር ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት መሠረት በ2013 ከነበሩት ገጾች 38 በመቶው ከዐሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። የአባ ገሪማ ብራና ከሺህ ዓመት በላይ ሲኖር፣ የትናንት ሌሊት ልፋት ለዐሥር ዓመት ዋስትና የለውም።

የሚጠፋ ሥራ ትርጉም አለው? በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴው ዮሐንስ ካስያን የጻፈው አንድ ታሪክ በዚህ ላይ እጅግ የጠና መልስ ይሰጣል። አባ ጳውሎስ የሚባሉ መነኩሴ ከከተማ የብዙ ቀን መንገድ በራቀ በረሃ ይኖሩ ነበር። የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰቡ በየቀኑ የተወሰነ ሥራ ይሠራሉ፤ ገበያ ለማውጣት ግን ማጓጓዣው ከዋጋው ይበልጥ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሠሩት ዋሻቸውን ሲሞላው በእሳት ያቃጥሉትና እንደገና ይጀምራሉ። ካስያን ይህን የሚያወሳው በአድናቆት ነው፤ መነኩሴው የሠሩት ለልባቸው ንጽሕናና በበኣታቸው ጸንተው ለመቆየት ነውና።

የአባ ጳውሎስ ብርታት ግን ለጸሐፊ ሙሉ በሙሉ አይሆንም። ዘንባባ የሚታታ ሰው የሚያናግረው የለም፤ የሚጽፍ ሰው ግን አንባቢ አለው። ሥራዬ ለነፍሴ ብቻ ነው፣ ቢጠፋም ግድ የለኝም የሚል ጸሐፊ አንባቢውን ረስቷል። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ለማንሣት የተደከመው በተቃራኒው እምነት ነው። በየገዳሙና በየደብሩ እየተዞረ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ፤ በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው የብዙዎቹን ይዘት መዘገቡ። ከተነሡት ብራናዎች አንዳንዶቹ ዛሬ የት እንደደረሱ አይታወቅም፤ ፊልሙ ግን አለ። መብራት፣ ካሜራ፣ ፊልም፣ የመዝገብ ቁጥር፤ ሁሉም የመሣሪያ ድካም ነው፤ የሞቱ ጸሐፍትን ድምፅ ለሕያዋን ያቆየው ግን ያ ድካም ነው።

እንግዲህ ድካሙ የሥራው አካል የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው፦ ወደ ሌላ ሰው ሲደርስ፣ እና ሠሪው ከእሱ መነሣት ሲችል። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይቀበላል። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ትጉህ ሰው መነሣት ስንፍና ይመስለዋልና። በኢትዮጵያ ክርስትና ታሪክ ግን ማረፍ ራሱ ሰዎች የተሰደዱበት ጉዳይ ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜ እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ ይከበር በማለታቸው ለረጅም ዘመን ተገፍተዋል፤ በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ሥራ ያላለቀ ቢሆንም እንኳ ሰው ከእሱ መነሣት እንዳለበት፣ ዓለም በሰው እጅ ብቻ እንዳልቆመች፣ እነዚያ መነኮሳት በስደት መሰከሩ። በሥርዓት የተከበረ ዕረፍት ሠሪውን ከሥራው ባርነት ያወጣዋል።

ክኑት ለመሣሪያቸው እንደዚህ ያለ ሰንበት ሰጥተውታል። ከ1990 ጀምሮ ቴክ አዲስ ነገር አይጨመርበትም አሉ፤ የተገኘ ስህተት ብቻ ይታረማል። የሚታረም በተገኘ ቁጥር የፕሮግራሙ መለያ ቁጥር ወደ ፓይ አንድ አኃዝ ይቀርባል፤ 3.14፣ ከዚያ 3.141፣ ከዚያ 3.1415 እያለ። ከሞታቸው በኋላ ቁጥሩ ፓይ ራሱ እንዲሆንና ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው፣ ቀሪው ስህተትም የሥራው ጠባይ ሆኖ እንዲኖር አዘዋል። በዚያው በ1990፣ በጃንዋሪ 1፣ ኢሜይል መጠቀም አቆሙ፤ ጊዜያቸውን ለዋናው መጽሐፍ መለሱ። ፓይ አኃዞቹ ማለቂያ የሌላቸው ቁጥር ነው፤ ፍጹምነት የማይደረስበት መሆኑን አምነው ነው ሥራውን ያሳረፉት። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ይከብዳል፤ ዐሥር ዓመት መሣሪያ ላይ ያጠፋ ሰው፣ መሣሪያውን ፍጹም ሳያደርግ፣ በቃ ብሎ ተነሣ።

ወደ ሌላ ሰው የሚደርስ፣ መጨረሻም ያለው እንዲህ ያለ ድካም ዛሬም ሠሪ ይጠብቃል። ይህን የሚያነቡ ብዙዎች በየቤታቸው እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት ወይም ከዚያ ጥቂት በኋላ በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ነገር አላቸው፤ የአባት ማስታወሻ፣ የማኅበር ታሪክ፣ ያልታተመ ልብ ወለድ፣ የቅኔ ስብስብ። ፋይሉ ዛሬ ሲከፈት የምልክት ክምር ብቻ ቢታይ አልጠፋም፤ የተጻፈበት ፎንት ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የተሳሳቱ ፊደላትን አንድ በአንድ ማረም ይጠይቃል። ፎንቶቹን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ አድርጉት። ከዚያ ቅጂውን ቢያንስ በሁለት በተለያየ ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ደግሞ በወረቀት አትማችሁ ወመዘክርን ለመሰለ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።